ሃያ ሁለት ቁጥር ስላይድ

ትዕግሥት ለእህቶቼ ታድሎ ሲያልቅ ነው እኔ የተወለድኩት። ሥራዬ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኔን ተክዬ ሴል ስቆጥር ኖሬአለሁ። ዓይኔ ሲያርፍ እግሬ አያርፍም፤ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ሲመታ ይውላል። አለቃዬ በክፍሌ በር ባለፈች ቁጥር "ልትበሺው ነው፤ ታችኛው ፎቅ ላይ ሰው አለ" ትለኛለች።

የምቆጥረው ጭራ ነው። ሴሎቹን ስስ መስታወት ላይ ጄል ውስጥ እንከታቸውና፣ ገላቸውን አሟምተን ዲኤንኤውን የያዘውን እምብርታቸውን ብቻ አስቀርተን፣ ኤሌክትሪክ እንለቅባቸዋለን። ዲኤንኤው ደህና ከሆነ ክብ እንደሆነ ባለበት ይቀራል። ከተበጣጠሰ ግን ቁርጥራጩ በኤሌክትሪኩ እየተጎተተ ከኋላው ይዘረጋል፤ ያኔ ቁርጥ ጅራታም ኮከብ ነው። ጭራው በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ የከፋ ነው። ከአንድ ስላይድ መቶ ሴል አያለሁ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ጭራው ርዝመት ከዜሮ እስከ አራት እሰጣለሁ። አራት መቶ ያመጣ ስላይድ አለቀለት ማለት ነው።

ስላይዶቹ ስም የላቸውም። አለቃዬ ምልክታቸውን በፕላስተር ትሸፍንና ቁጥር ብቻ ትጽፍባቸዋለች። የቁጥሩን ፍቺ ደግሞ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ለጸሐፊዋ ትሰጣለች። ቆጣሪ የሚቆጥረውን ካወቀ ዓይኑ ያዳላል ባይ ናት።

"እኔ ነኝ የማዳላው?" ብዬ ተቆጥቼ አውቃለሁ።

"አንቺ ብትጠነቀቂም ልብሽ ያዳላል" አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አብሬያት አልበላሁም።

ባለፈው ዓመት የያዝነው ሥራ በጥቁር እንጆሪ ላይ ነበር። ፍሬውን እናደርቃለን፣ እንፈጫለን፣ እንዘፈዝፋለን፤ ተጣርቶ የሚወጣውን ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ንጥር እንለዋለን። የካንሰር መድኃኒት ካንሰሩን የሚገድለው ዲኤንኤውን በጣጥሶ ነው። ችግሩ ደህናውንም ሴል አይምርም። እንግዲህ ጥያቄያችን፣ ንጥሩ ደህናውን ሴል ከዚህ ጉዳት ይጠብቀው ይሆን ወይ የሚል ነበር። ለመጀመሪያው ዙር ደም የሰጠነው እኛው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ነን። ውጤቱ ሲመጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ንጥር በገባበት ደም ጭራው ከግማሽ በታች ወርዷል። በገዛ ደሜ ውስጥ ያሉት ሴሎች ድቡልቡል ብለው ተቀምጠው ሳያቸው እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

በዚያው ወር አባዬ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት።

አባዬ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ አውቶቡስ ሲሳፈር ከሹፌሩ ጀርባ ካልተቀመጠ አይሆንለትም፤ ሰውየው ማርሽ ሲቀይር ጥርሱን ይነክሳል። በየሳምንቱ ሐሙስ ኬሞ እንዲወስድ ታዘዘለት። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱን ስም ሁለቴ አነበብኩት፤ እኔ ስላይድ ላይ የማውቀው፣ ደም ውስጥ ያን ሁሉ ጭራ ያበቀለው መድኃኒት ነው። ሌላው ሰው ስም ብቻ ነው የሚያነበው። እኔ ግን አባቴ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከሥራ የተረፈውን የደረቀ እንጆሪ ወደ ቤት ወሰድኩ። በአልኮል ፋንታ በንጹሕ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ አጣራሁት፣ አንዲት የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁት። ለአለቃዬ አልተናገርኩም። ሐኪሙንም አልጠየቅኩም፤ ሐኪሙ ጭራ ቆጥሮ አያውቅ፣ ምን ሊነግረኝ ነው አልኩ። ኩራት ራሴን አዙሮት ነበር።

"ሐሙስ ሐሙስ ይዘኸው ትሄዳለህ" አልኩት አባዬን። "መርፌው ከመግባቱ በፊት ሁለት ክዳን። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ክዳን። መድኃኒቱ ደምህ ውስጥ ባለበት ሰዓት ነው የሚያስፈልግህ፤ ቤት ስትመለስ አያሻህም። ገባህ?"

በክዳኑ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። "የባትሪ ውሃ ነው እንዴ?"

"ጠጣ ብያለሁ፣ አባዬ!"

"እሺ አትጩሂ። እናትሽም እንዲህ ነበር የምትናገረው፤ ነፍሷን ይማር።"

በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ደወለልኝ። "የኔ ልጅ፣ ያቺ ጠርሙስ አነሰች። ተለቅ ያለ የለሽም?" ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ወደደው ማለት ነው፤ ተስማማው ማለት ነው። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞላሁለት። ደግሞም እያየሁት ነው፤ ምግብ ይበላል፣ ደረጃ ይወጣል፣ በጎንና በጎን የቀረችው ፀጉሩ እንኳን አልረገፈችም። እህቶቼ "ያንቺ እጅ ነው" ሲሉኝ "ኧረ ተዉ" እላለሁ፤ ሆዴ ግን ያምናል። አለቃዬ ለሁለተኛው ዙር ስላይዶቹን ስትሰጠኝ በደስታ ነው የተቀመጥኩት።

በሁለተኛው ዙር ከዕጢ የተወሰዱ የካንሰር ሴሎችም እንደተጨመሩ አውቃለሁ። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። ጭራ የሞላባቸውን ሳይ "እነዚህ ካንሰሮቹ ናቸው፤ የእጃቸውን አገኙ" እላለሁ። ንጹሖቹን ሳይ ደግሞ "እነዚህ ደህናዎቹ ናቸው" እላለሁ። ፖስታው ሳይከፈት እኔ በልቤ ከፍቼው ነበር። ከሁሉም ንጹሕ የነበረው ሃያ ሁለት ቁጥር ነው፤ መቶውም ሴል ማለት ይቻላል ክብ፣ ድምሩ አሥራ ዘጠኝ ብቻ። እሱን ስቆጥር ያንጎራጎርኩት ትዝ ይለኛል። የአባዬን ሴሎች ያየሁ መሰለኝ።

ፖስታው የተከፈተው በስምንተኛው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጸሐፊዋ ቀድዳ ሰጠች፤ አለቃዬ ፍቺውን ታነባለች፣ እኔ ድምሩን እናገራለሁ።

"አሥራ አራት። ደህና ደም፣ መድኃኒት፣ ንጥር።"

"ሰባ ሁለት" አልኩ።

"አሥራ ስምንት። ካንሰር፣ መድኃኒት ብቻ።"

"ሁለት መቶ ስድሳ።" ፈገግ አልኩ፤ የገመትኩት ልክ ነው።

"ሃያ ሁለት።" መነጽሯን አነሳችና ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "ካንሰር፣ መድኃኒት፣ ንጥር።"

እግሬ ወለሉን መምታት አቆመ። "ድገሚው እስቲ።"

ደገመችው። "ያንቺ ስንት ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

ከዚያ አለቃዬ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ዓይኗ በርቷል። "ካንሰሩንም ጠብቆታል ማለት ነው። ከደህናውም አብልጦ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት።" ለእሷ ግኝት ነው፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን የታየኝ አባዬ ነው። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሊበጣጥስ ሲገባ እኔ በሁለት ክዳን፣ በሁለት ክዳን እየሸፈንኩለት ሰባት ሳምንት። ያ ደረጃ መውጣቱ፣ ያ ምግብ መብላቱ፣ ያቺ ያልረገፈች ፀጉር፣ ለካ መድኃኒቱ ሥራውን እንዳይሠራ ስላደረግኩት ነው!

ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። የአባዬ መርፌ አራት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ክዳን ይጠጣል። ያስጠናሁት እኔ ነኝ።

"ወዴት ነው?" አለች አለቃዬ። ጋውኔን ሳላወልቅ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረድኩ።

ስልኩን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። አባዬ ሆስፒታል ሲገባ ስልኩን ያጠፋል፤ መሪ ይዞ ስልክ አንስቶ ስለማያውቅ መርፌ ላይም ያው ሕግ ነው። ሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ነው፤ አውቶቡስ ያዝኩ። አውቶቡሱ አንዱን ፌርማታ አለፈና መብራት ላይ ቆመ፤ ቆመ፤ ቆመ። ሹፌሩን ከኋላው ሆኜ "ይንዱት እንጂ!" አልኩት። "ሰማይ ላይ ልንዳው?" አለኝ። እውነቱን ነው። አስከፍቼ ወረድኩና ሮጥኩ። መቼም ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ የሚሮጥ ሲያይ ዶክተር ይመስለዋል፤ መንገደኛው ሁሉ ግራና ቀኝ እየለቀቀ አሳለፈኝ። አንዲት ሴትዮ "እግዜር ይርዳሽ፣ ዶክተር!" ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱ አቃጠለኝ።

ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ነው። አምስት ተዘርጊ ወንበሮች አሉት፤ በየወንበሩ አጠገብ ከረጢት የተሰቀለበት ዘንግ፣ በየዘንጉ ላይ ጠብታ የምትቆጥር ማሽን። አንድም ሐሙስ ገብቼበት አላውቅም፤ አባዬ "ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ" ይለኝ ነበር። በሩን ገፍቼ ስገባ አባዬ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። መርፌው ገና አልገባለትም፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ወደ ጎረቤቱ አጎንብሷል። በግራ እጁ ግማሽ ሊትር ጠርሙሴ። በቀኝ እጁ ክዳኑን ሞልቶ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት አፍ ላይ እያስጠጋ ነው።

"አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። "እንዳትጠጪው!"

ክዳኑ ከአባዬ እጅ ወደቀ። ጥቁሩ ፈሳሽ ወለሉ ላይ ተረጨ። ሲስተሯ ከመድኃኒት ጠረጴዛዋ ቀና አለች። ወዲያ ማዶ ካለው ወንበር ላይ መጽሐፍ የያዙ ሽማግሌ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

"ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ?" አለ አባዬ። ከዚያ ፊቱ ፈካ አለና ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "እሷ ናት እኮ! ቀማሚዋ ልጄ።"

ሴትዮዋ በሁለት እጆቿ እጄን ያዘችው። "ዶክተር፣ እግዜር ያክብርሽ! አፌ ቆስሎ ውሃ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ልብስ መስፋት ሁሉ ጀምሬአለሁ።" ልብስ ሰፊ ናት፤ አመልካች ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። ዕድሜዋ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

"ዶክተር አይደለሁም" አልኳት። እጄን ግን ማስለቀቅ አልቻልኩም። "አባዬ፣ ለስንት ሰው ነው የሰጠኸው?"

"ለእሷ። ለመምህሩም።" ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ እሳቸው ናቸው መምህሩ። "ምን ላድርግ፣ እያየኋቸው? ሁላችንም አንድ መስመር ላይ የምንሄድ ሰዎች ነን።"

ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅኩት። ቀስ አድርጌ፣ አለሳልሼ፣ ወደ ጎን ወስጄ መናገር ነበረብኝ፤ ይህን አሁን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን እዚያው ቆሜ እንደመጣልኝ ዘረገፍኩት። ይህ ነገር ደህናውን ሴል ከመድኃኒቱ እንደሚጠብቅ፣ ያንን ቆጥሬ እንደጀመርኩት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ካንሰሩንም እንደሚጠብቅ እንዳወቅን፣ ማንንም ሳልጠይቅ እንዳደረግኩት። ልብስ ሰፊዋ እጄን ለቀቀችው። ሲስተሯ ወጣችና ሐኪሙን ይዛ መጣች።

ሐኪሙ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ሰማ። "የላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ የታየ ነገር ሰው ላይ ይታያል ማለት አይደለም" አለ። "አይታይም ማለትም አይደለም። ዛሬ ለማንም መድኃኒት አንጀምርም። አሁን የምፈልገው ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደጠጣ ነው። በግምት አይጠቅመኝም።"

እኔ የሞላሁትን ጠርሙስ እንጂ የተጠጣውን አልቆጠርኩም። ልብስ ሰፊዋም በጣቶቿ ስትቆጥር ጠፋባት። ይሄኔ አባዬ ከደረት ኪሱ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየመስመሩ ማብቂያ ላይ መነሻ ሰዓት፣ መድረሻ ሰዓት፣ የተሳፋሪ ብዛት ሲጽፍ የኖረ ሰው እጁ አርፎ አይቀመጥም። ቀን፣ ወንበር፣ ክዳን እያለ አስምሮ ጽፎታል።

"ሁለተኛ ወንበር" ብሎ አነበበ። "ከሁለተኛው ሐሙስ እስከ ሰባተኛው፣ በየጊዜው አሥራ አራት ክዳን። ድምር ሰማንያ አራት። አምስተኛ ወንበር፣ መምህሩ፣ ከአራተኛው ሐሙስ ጀምሮ ሰባት ሰባት ክዳን። ሃያ ስምንት።"

"ሰማንያ አራት" አለች ልብስ ሰፊዋ ለራሷ።

ሐኪሙ ጻፈ። "የእርስዎስ?"

አባዬ ደብተሩን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ። እኔን አላየኝም። "መጀመሪያው ቀን ሁለት ክዳን። ከዚያ ወዲያ የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?" አልኩ።

"አልወርድ አለኛ! ሲሸተኝ ራሱ ያጥወለውለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ልደፋው ስል፣ እሷ አፏን ይዛ ስታለቅስ አየሁ። ሰጠኋት። በሳምንቱ ቀለለኝ አለች። እንግዲህ እኔ ደህና ነኝ፣ እሷ ተጎድታለች። ታዲያ ለማን ይሁን?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ቁጣሽን ፈርቼ ነዋ!"

ሁለት ክዳን። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሁለት ክዳን ብቻ! መድኃኒቱ አባዬ ውስጥ ያለ ከልካይ ሲሠራ ነው የከረመው። ደረጃ የሚወጣው በራሱ ጉልበት ነው፤ ፀጉሩም በራሷ ጊዜ ነው ያልረገፈችው። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ወረደ። ደስታው ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ ፊቴ ላይ ሲወጣ ይታወቀኛል፤ ላቆመው አልቻልኩም። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። አባዬን ትከሻውን ይዤ ሳቅኩ።

ቀና ስል ልብስ ሰፊዋ እያየችኝ ነው። አልተቆጣችም። አንድ ስፌት ልክ መሆን አለመሆኑን እንደምታይ ሴት ነው ፊቴን የምታየው።

"ደስ አለሽ" አለችኝ።

ልክዳት ነበር። ሃያ ሁለት ቁጥርን ስቆጥርም እንዲሁ ነበርኩ፤ ያለ ቦታው እያንጎራጎርኩ። "አዎ" አልኳት። "ይቅር በይኝ። አዎ።"

"ግድ የለም፤ አባትሽ ነው።" ሻሿን አጠበቀችና ወደ ሐኪሙ ዞረች። "የእኔ እንዴት ነው የሚታወቀው?"

"ምርመራውን እናስቀድመዋለን። ሰኞ ሲቲ ስካን ይነሳሉ፤ ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ውጤቱን አብረን እናያለን።"

ሲስተሯ ወለሉን እየወለወለች ነው፤ የእንጆሪው ጥቁር ቶሎ አልለቅ ብሏታል። መምህሩ መጽሐፋቸውን ዘግተው መስኮቱን ያያሉ። አባዬ ደብተሩን ለሐኪሙ ሰጠና ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ተሳፋሪዎቼን የት አደረስኳቸው?" አለ በቀስታ፤ የጠየቀው ማንን እንደሆነ አላወቅኩም። ትከሻውን እንደያዝኩ ነበር፤ ቀስ ብዬ ለቀቅኩት።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ በእኔ በኩል ስታልፍ ቆመች።

"ማክሰኞ ትመጪያለሽ" አለችኝ። "እፊቴ ትቀመጪያለሽ። ሐኪሞቹ ወረቀቱን አንብበው ፊታቸውን ዝግ ያደርጉታል፤ ተምረውታል። ያንቺ ፊት ላይ ግን ሁሉ ነገር ይታያል። መጀመሪያ ወረቀቱን አንቺ ታነቢያለሽ፤ እኔ አንቺን አነብሻለሁ።"

"እመጣለሁ" አልኳት።

"ከአራት ሰዓት እንዳታረፍጂ" አለችና ወጣች።